ለሰው የማይነሳው ዳልጮ

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራው። ለዳልጮ ያ ጉድጓድ እንጀራው ብቻ ሳይሆን ገመና ከታቹም ነበር። ጨንቻ እያለ ቀዩን አፈር በባዶ እግሩ ሲያርስ ኖሮ ዝሆኔ ይዞታል፤ አርባ ምንጭ ወርዶ ሲቀላ ሰፈር ሽመና ከጀመረ ወዲህ ግን ያበጠ እግሩን ያየ ጎረቤት የለም። ሰው ሲመጣ ሌላው «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፤ እሱ ተቀምጦ መወርወሪያውን ይወረውራል። ዝሆኔ ያዘው ከሚሉት ኩራተኛ ነው ቢሉት ይመርጣል።

በ1991 ዓ.ም. ግን ጣጣው ለልጁ ለዕድላዊት ተረፈ። የእድሩ ዳኛ ኦይታ እሷን ለወንድሙ ልጅ ሊጠይቅ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ዳልጮ አልተነሳም።

«ለሰው ከማይነሳ ሰው ጋር አንዛመድም» ብሎ ኦይታ ከደጅ ተመለሰ። ዕድላዊት ልጁን ትወደው ነበርና ስታለቅስ ሰነበተች።

ነገሩ የገባት ጎረቤቱ አገኘሽ ብቻ ናት። ጉድጓዱ አጠገብ ቁጭ አለችና ጫማዋን አወለቀች።

«እኔም ቀሚሴን አስረዝሜ ስደብቅ የኖርኩ ነኝ። እርግማን እንዳይመስልህ፣ አፈሩ ነው። በሽታው ጨርሶ አይለቅም፤ እግርህን በየቀኑ ካጠብከው ግን ይታዘዝልሃል።»

የአገኘሽ ቸርች ሰዎች ወሬ ሳያወጡ ተራ ገቡ። አንዱ ውሃ ይቀዳል፣ ሌላዋ ሳሙናና ቫዝሊን ታመጣለች፤ አገኘሽ በጣቶቹ መሃል እርጥበት እንዳይቀር እንደ ሕፃን ታደርቅለትና በፋሻ ታስርለታለች። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። ጫማ ሰፊው ታምሩም በልኩ ሰፋለት።

ጫማው የደረሰ ዕለት ዳልጮ አበደ ማለት ይቀላል። ጎረቤት ሲገባ «ኖር!»፣ ሕፃን ሲገባ «ኖር!»። ዶሮዋ ዘው ስትልም ብድግ ቢል ዕድላዊት በሳቅ ፈረሰች።

አገኘሽ ኦይታን ለምና አግባባችው። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ዳልጮ ሆን ብሎ ሽመናው ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ከበር ብቅ ሲሉ ከጉድጓዱ ወጥቶ በሁለት እግሩ ቆመ።

«ኖር!»

«በእግዜር» አለ ኦይታ እንደ ልማዱ፤ ዓይኑ ግን ሰፊው ጫማ ላይ ቀረ። «ጥፋቱ የእኛ ነው። ያን ቀን ተቆጥተን ከምንሄድ ቁጭ ብለን ብንጠይቅህ ይሻል ነበር» አለ።

«እንግዲያው አሁን ቁጭ በሉና ጠይቁኝ» አለ ዳልጮ። እሱ ግን ጠይቀው እስኪጨርሱ አልተቀመጠም።