ፊርማውን ሊሰርዝ የሄደው አባቴ

ባለቤቴ ሰሜን ላይ መሞቱ በተነገረኝ በሳምንቱ ዕቃዬን ጠቅልዬ ከሮቤ ጎባ፣ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ባለቤቴ በመንግሥት እርሻ የኮምባይነር ሾፌር ነበር፤ ለውትድርና የወሰዱት ከስንዴው መሀል ነው። «በክብር ተሰውቷል» አሉኝ። አስከሬን አልመጣም። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ እኔ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብዬ የአንዷን ነጠላ ጥለት አያለሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ እንደገና አረንጓዴ። «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ይሉኛል። ከየት አምጥቼ?

አባቴ አናጢ ነበር፤ በርና መስኮት ይሠራል። እሑድ እሑድ ደግሞ ጎባ ውስጥ ባለች ትንሽ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ይሰብክ ነበር። እኔ ስመለስ ቤተ ክርስቲያኗ ታሽጋለች። ቀበሌው «መጤ ሃይማኖት» ብሎ ዘጋት፤ አባቴ በእጁ የሠራቸውንም አግዳሚ ወንበሮች ወደ መሰብሰቢያ አዳራሹ አስገባቸው። «በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እግዚአብሔር እንደሌለ ተማርኩ» ይል ነበር፣ ሳይስቅ።

እንግሊዝኛ የተማረው በወጣትነቱ ለሚስዮናውያን ሲያስተረጉም ነው። እነሱ ሲሄዱ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተዉለት። በጥንት ዘመን የኖረ፣ ፒዩሪታን ከሚባሉት ወገን የሆነ የአንድ እንግሊዛዊ ሰባኪ ጽሑፍ ነው፤ ከፊት የሕይወት ታሪኩ አለበት። አባቴ ስሙን ጠርቶት አያውቅም፤ «ሰውየው» ነው የሚለው። ልጅ ሳለሁ ሰውየው ጎሮ የሚኖር ዘመዳችን ይመስለኝ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች ራት እያቀረበች «ዛሬስ ሰውየው ምን አለ?» ብላ ትጠይቀው ነበር፤ አባቴም ከሩቅ ከመጣ እንግዳ የሰማውን ወሬ እንደሚያወራ ሁሉ ያወራላታል።

የሰውየውን ታሪክ በቃሌ አውቀዋለሁ። የአገሩ መንግሥት ሰባኪዎች ሁሉ በታዘዘው ሥርዓት ብቻ እንዲያገለግሉ ፈርሙ ሲላቸው እሱ አልፈርምም አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ አስወጡት፤ ወደ ከተማው እንዳይጠጋም ከለከሉት። ልጆቹን ቀበረ፣ ኋላም ሚስቱን። በኪራይ ክፍል ተቀምጦ ለገበሬውም ለጫማ ሰፊውም በሚገባ ቋንቋ ጻፈ። ቀኑ ሲያልቅ ራሱን ይጠይቃል፤ ዛሬ ከእግዚአብሔር ይልቅ ማንን ፈራሁ? ሰው እንዲያየኝ ብዬ ያደረግኩት ምንድን ነው? አባቴም መጋዙን ሰቅሎ እጁን ሲታጠብ እነዚህኑ ጥያቄዎች ራሱን ይጠይቅ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ።

አንድ ቀን አባቴን ቀበሌ ጠሩት። ሲመለስ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ኮቱን አላወለቀም።

«ፈረምኩ» አለኝ።

«ምን?»

«በማንም ቤት ከሰው ጋር ላልጸልይ። ወይ ትፈርማለህ ወይ ትታሰራለህ አሉኝ። አንቺን አሰብኩና ፈረምኩ።»

ደስ ሊለኝ ወይም ላፍር ይገባ ነበር። ሁለቱንም ፈለግኳቸው፤ የሉም። «ሻይ ላምጣልዎት?» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን አልከፈተውም። ምግብ ሲቀርብ አንገቱን ይደፋል፣ ከንፈሩ ግን አይንቀሳቀስም። አጥር የሚያዋስነን ባለሱቅ፣ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ?» ብለው በአጥሩ ላይ እንዴት አደርክ ሳይሉት አይውሉም። አንድ ቀን እኔን ጠርተው «አባትሽ ምን ሆኖ ነው? ሰላምታዬን ሲመልስልኝ እንኳ መሬት መሬት ያያል» አሉኝ። «ፈርመው ነው» አልኳቸው። ምን እንደሆነ ገባቸው። «ያ አላህ» ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ።

ከአባቴ ምእመናን ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ወደ ቶጎና ወንዝ ስትወርድ ባለች ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ስንዴ ሊታጨድ ሲል መልእክት ላኩ። «መሞቴ ነው፤ ሰዎቹን ይዘህ መጥተህ ጸልይልኝ በሉት» ብለዋል። አባቴ ጢሙን ተላጨ፣ መጽሐፉን ብብቱ ሥር አደረገና «ነይ ተከተዪኝ» አለኝ። ወደ ወንዙ የምንወርድ መስሎኝ ነበር። ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ታጠፈ።

ሊቀመንበሩ የሰፈራችን ሰው ነበር፤ የቤቱን በር የሠራለት አባቴ ነው።

«ምን ፈለጉ አባባ?»

«ፊርማዬን ልሰርዝ መጣሁ።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «ፊርማ እኮ አይሰረዝም።»

«እንግዲያው ሰርዟል በሉ። የታመሙ እናት ዘንድ ሄጄ ከሰዎች ጋር ልጸልይ ነው።»

ሊቀመንበሩ በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝም ብለው ቢሄዱ አላየሁም እል ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይነግሩኛል?»

«ከፈረምኩ ወዲህ መጸለይ አቃተኝ» አለ አባቴ። «አፌን ስከፍት ያቺ ወረቀት ትመጣብኛለች።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ንገሪያቸው እንጂ! ባልሽን ያጣሽው ትናንት ነው፤ አባትሽም ይታሰሩብሽ?»

«እሳቸው ያውቃሉ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ በሩን መልሶ ከፈተው። ከዚያ ጥበቃዎቹን ጠራ። አባቴ ሊወስዱት ሲሉ መጽሐፉን ሰጠኝና «አንቺ ሂጂላቸው» አለኝ።

ባለሱቁ ወሬውን ሰምተው ሱቃቸውን ዘግተው መንገድ ላይ ጠበቁኝ። «ብቻሽን አትሄጂም» አሉ፤ «እኔን መቼም ማንም ጴንጤ ብሎ አያስረኝም።» እስከ አሮጊቷ በር አብረውኝ ሄደው ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከምእመናኑ አንድም ሰው የለም፤ መታሰሩን ሰምተው ቀርተዋል። አልፈረድኩባቸውም።

አሮጊቷ ፊታቸው ትንሽ ሆኗል። «አባትሽስ?»

«ታሰሩ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲያው አንቺ ጸልዪልኝ።»

«እማማ፣ እኔ ምንም አይሰማኝም። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ምንም።»

«ሰውየው ስለዚህ ምን ይላል?» አሉኝ። ለካ እሳቸውም ሲሰሙት የኖሩ ናቸው።

መጽሐፉን ገለጥኩት። እንግሊዝኛዬ እዚያ አይደርስም። «ሰውየው የሚለው» አልኩ፣ «ምንም የማይሰማው ሰው እግዚአብሔር ፊት ቀርቦ ‹አይሰማኝም› ካለ፣ እሱም ጸሎት ነው።»

«እንደዚያው በይ እንግዲህ።»

ዓይኔን ሳልጨፍን ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ምንም አይሰማኝም። እማማ ሊሞቱ ነው። ብቻቸውን አትተዋቸው። አሜን።»

«አሜን» አሉና ውሃ ጠየቁኝ። ራሳቸውን ደግፌ አጠጣኋቸው። ራሳቸው ከባድ ነበር። እስኪመሽ አብሬያቸው ቆየሁ፤ በማግሥቱም ተመለስኩ። በሳምንቱ አረፉ። መቃብሩን ባለሱቁና የሰፈሩ ሰዎች ቆፈሩ።

አባቴ እዚያው ጎባ እስር ቤት ከረመ። ስንቅ ስወስድለት አንዳንዴ በሽቦው በኩል ያገናኙናል። አናጢነቱን አውቀው የእስር ቤቱን በር አሠሩት። «አጥብቄ ነው የሠራሁት» አለኝ። «ሰውየው ሥራ በግማሽ ልብ አይሠራም ይላል።» ያኔ ፈገግ ሲል አየሁት። ከንፈሩም እንደ ድሮው ይንቀሳቀሳል።

ከክረምቱ በኋላ ያለ ምንም ማብራሪያ ለቀቁት። ከስቶ መጣ። እግሩን ሳጥበው ስለ አሮጊቷ ጠየቀኝ፤ ያልኳቸውን ነገርኩት።

«ሰውየው እንዲህ ያለው የት ላይ ነው?» አለ ግራ ገብቶት።

«እርስዎ ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ።»

«እኔ አላልኩም።»

መጽሐፉን ከፍቶ ሥራ በሚያቆምበት ሰዓት ሁሉ ሲፈልግ ሰነበተ። በመጨረሻ መነጽሩን አወለቀና «የለም» አለኝ። «ቢጠይቁት ግን እንደዚያ የሚል ይመስለኛል።»

ከዚያ በኋላ የታመመ ሰው በጠራው ቁጥር በጠራራ ፀሐይ ይሄድ ነበር። ማንም ፈርም አላለውም። ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ ሲያገኘው ባርኔጣውን ያስተካክልና ያልፋል። ቤተ ክርስቲያኗ የተከፈተችው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ አባቴ ያኔ ድምፁ ደክሞ ስለነበር ስብከቱ አጭር ነበር።

እኔ ወደ ራሴ የተመለስኩበትን ቀን አላውቀውም። የማስታውሰው አባቴ በተፈታበት ዓመት ቶጎና ልብስ ሳጥብ የሆነውን ነው። ውሃው ከሳነቴ አምባ የሚወርድ በረዶ ነው፤ ጣቶቼ ቀልተው ነበር። «አመመኝ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አጠገቤ የምታጥበዋ ሴት ቀና ብላ «ምነው እህቴ?» አለችኝ። «እጄን» አልኳት።

በማግሥቱ አውቶቡስ ይዤ ሮቤ ሄድኩ፤ ከለቅሶው ወዲህ ያልረገጥኩትን የአማቴን፣ የባለቤቴን እናት በር አንኳኳሁ። አማቴ ከፍተው አዩኝ፤ ለምን ቀረሽ አላሉኝም። ገባሁ። ሹራባቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡና «እስኪ ስለ ልጄ አውሪኝ» አሉኝ፤ «ቤትሽ ውስጥ እንዴት ነበር?» ምሳ እስኪቀርብ እንደሚያፏጭ፣ ኮምባይነሩን እንደ ሰው እንደሚሰድበው ነገርኳቸው። ሲስቁ እኔም ሳቅኩ። እዚያው አደርኩ።