ሙዝ ያደከመው መሪ

ያ ብስክሌት ከዋጋው ሌላ ያስከፈለኝ አንድ የፊት ጥርስና ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ነው። አሁን ሳስበው ርካሽ ነበር።

ሲቀላ ገበያ ዳር አሮጌ ብስክሌት እየገዛሁ፣ አድሼ እሸጣለሁ። ያንን የገዛሁት ከአንድ የላንቴ ገበሬ ነው። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን በመሪው ግራና ቀኝ ሙዝ እያንጠለጠለ ከተማ ሲያመላልስበት ኖሯል። እኔ መሪውን በአመድና በሎሚ ፈትጌ መስታወት አስመሰልኩት።

አንድ ጡረተኛ መምህር ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ቤታቸው ሴቻ ነው፤ በየጠዋቱ ቁልቁለቱን በብስክሌት ወርደው ከሲቀላ ጓደኞቻቸው ጋር ዳማ መጫወት አምሯቸዋል።

«ጋሼ፣ የድሮ ብረት እኮ ነው!» አልኳቸው። «የላንቴን ሙዝ ሁሉ የቻለ መሪ የእርስዎ ክንድ ያቅተዋል?»

ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ። ባለቤታቸው ግን የባላቸውን እጅ ያዝ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«በል መጀመሪያ አንተ ንዳው። አንተ ሌላ ብስክሌት ታገኛለህ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ባል ከየት ላምጣ?»

ገበያተኛው ሳቀ። ገበያ መሀል ከተሳቀብህ ወይ ትነዳለህ ወይ ሱቅህን ትዘጋለህ። ወጣሁበት። ሜዳው ላይ ሄድ መለስ አልኩና፣ ጥንካሬውን ላሳይ ብዬ ፔዳሉ ላይ ቆሜ መሪውን ባለ በሌለ ጉልበቴ ሳብኩት። ቀጭ አለ። ግማሹ እጄ ላይ ቀረ፤ የቀረውን አፌ አገኘው።

ደሜን እየተፋሁ ስብራቱን አየሁት። የተሰበረው መሪውን መሀሉ ላይ የሚይዘው ማሰሪያ ከሚጨብጠው ሥር ነው፤ ሎሚዬ የማይደርስበት ቦታ። ዙሪያው ጠቁሮ ዝጓል። እንደ አዲስ ስብራት የሚያበራው የጥፍር ያህል ብቻ ነበር። መሪው ከተሰነጠቀ ቆይቷል ማለት ነው፤ በዚያች ጥፍር ተንጠልጥሎ ነው ገበያ የወጣው። እኔ ብረት እንደ አህያ ሸክም ሲለምድ የሚጠነክር ይመስለኝ ነበር። ለካ እያንዳንዱ ዘለላ ሙዝ ትንሽ ትንሽ ሲበላው ኖሯል። መሪውን ያሞገስኩበት ሸክም ነው የጨረሰው።

ጋሼ ስባሪውን ተቀብለው አገላበጡ፤ ከዚያ ቀና ብለው የሴቻን ቁልቁለት አዩ። እኔም አየሁት። «ተመስገን» አልኩ ከልቤ፤ ጥርሴ ስለሌለ ግማሹ ንፋስ ሆኖ ወጣ።

ባለቤታቸው መሐረብ ሰጡኝ። «አይዞህ ልጄ፣ ለሙዝ ጥርስ አያስፈልግም» አሉኝ። ባጃጅ አስቁመው ሁለቱም ወደ ቤታቸው ወጡ።

ዛሬ ማሰሪያውን ሳልፈታ፣ ሥሩንም ሳላይ ብስክሌት አልገዛም።

ሂሳቡ ይኸው፦ ከእኔ አንድ ጥርስና አንድ ሱሪ ጎድሏል። ከጋሼ ምንም አልጎደለም።