ስም የተሰፋላት ሚኒባስ

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ መፍታት ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ሳያበቃኝ ቀርቶ ጭሮ ዋናው መንገድ ዳር ወዳለው የጋሽ ወንድሙ የመኪና ወንበር ስፌት ቤት ገባሁ። ጋሽ ወንድሙ አንድ ምላጭና የጭነት መኪና አሮጌ የወንበር ልብስ ሰጡኝ። ክሩን ብቻ እንድፈታ፣ ልብሱን እንዳልነካ አዘዙኝ፤ የተፈታው ልብስ ለአዲሱ ልክ ማውጫ ይሆናል። ሲመሽ ሥራዬን ብርሃን ላይ ይዘው አዩትና «እጅሽ አይቸኩልም፤ ነገም ነይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ምስጋና ከእሳቸው አልሰማሁም።

በቤቱ ሦስት ማዕረግ ነበር። ፈቺ ልብሱን አውልቆ ስፖንጁንና ሞላውን ያያል። ቆራጭ በጠመኔ ልክ አውጥቶ ሌዘሩን ይቆርጣል። ሰፊ በወፍራሙ መርፌ ይገጥመዋል። እኔ ሴት ስለሆንኩ መቀስ እስኪሰጠኝ ከእኔ በኋላ የመጡ ወንዶች ቆራጭ ሆኑ። በመጨረሻ እነሱ ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ፣ ጋሽ ወንድሙ አረጁ፣ ቤቱን ለእኔ ለቀቁልኝ።

በፈቺነቴ ጊዜ አንድ የበደሳ ቡና ነጋዴ የቤት መኪና ገዝቶ ልብስ ሊያሰፋ መጣ። ደላላው የነገረውን ደጋግሞ ነገረን፤ መኪናዋን የያዘቻት የአዲስ አበባ ሐኪም ናት፣ ከቤቷ ወደ ሆስፒታል ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ አታውቅም። የኋላውን ወንበር ሳነሣ ከሥሩ የደረቀ የጫት ገረባ በፌስታል፣ ባዶ የሲጋራ ፓኮና አንድ እግር የወንድ ነጠላ ጫማ ወጣ። ልናገር ወይ ብዬ ጋሽ ወንድሙን አየኋቸው። «እኛ ልብስ ነው የምንሰፋው» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ነጋዴው ግን ራሱ አየው። ጥቂት አሰበና መካኒኮች ረስተውት ይሆናል አለ። በሐኪሟ ላይ ክፉ ነገር ሊሰማ አልፈለገም።

ገዢን ያወቅሁት እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመኪናዋን ስም ይጠይቃል። ቀጥሎ ማን ይዟት እንደነበር ይጠይቃል። ከዚያ ቀለሟ አለመነካቱን በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል። ሞተር ማስነሣት ትዝ የሚለው ሻይ ከተጠጣ በኋላ ነው። ነገሩ ጋብቻ ይመስላል፤ ዘር ይቆጠራል። የጃፓን ከሆነች የጨዋ ልጅ ናት። የቻይና ከሆነች «እስቲ እናያለን» ይባላል። ሦስት እግር ያላትን ግን ማንም ይሥራት ማን ሁሉም ባጃጅ ይላታል፤ ዘሯን የሚጠይቅ የለም። ድሃ ስለሆነች ይሆናል።

ዘይነባ ወደ እኔ የመጣችው ቤቱን ከተረከብኩ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነው። ጫት ተራ የምትነግድ የጭሮ ሴት ናት። ባሏ ሞቷል። ልጇ ረመዳን መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል። ጓደኞቹ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሲሻገሩ የእሱም ልብ ተነሣ። እሷ ከአባቷ የወረሰችውን የጫት ማሳ ሸጠችና እንዲቀርላት የቻይና ሚኒባስ ገዛችለት። ማሳ የሚሸጠው አንዴ ነው።

የሚኒባሷን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ወንበሮቿን አንሥቼ አይቻታለሁ፤ ስፖንጇ አልሞተም፣ ሞላዋ አልረገበም፣ የወለሏ ብረት ዝገት የለውም። ይህን ለረመዳን ነገርኩት። ሰማኝ፤ ነገር ግን የሰው ልብስ እንደለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር ነድቷት የወጣው።

በመናኸሪያ ሚኒባስ የሚጫነው በተራው ነው። የረመዳን ተራ ሲደርስ የበደሳ ተሳፋሪ ዕቃውን እንደያዘ ይቆማል። ይቺ ዳገቱን አትወጣም፣ የሚቀጥለውን እንጠብቃለን ይላል። ተራ አስከባሪው መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ ኋላ እሱም ረመዳንን ወደ ጎን እያስወጣ ከበስተኋላ ያለውን አሮጌ ሚኒባስ ማስገባት ጀመረ። አሮጌው ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ ሲል ሰው ወርዶ ይገፋል። ላቡን እየጠረገ ተመልሶ ይቀመጥና «የጃፓን አይደለች፣ ትነሣለች» ይላል።

አንድ ቀን ዘይነባ ብቻዋን መጣች። አልቀመጥም አለች።

«እትዬ ብርሃኔ፣ የራስ መደገፊያው ላይ ስም ይስፉልኝ።»

ያን ሁሉም የሚያውቀውን የጃፓን ስም ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ለማስታወቂያ የከፈለኝ የለም። ሞተሯ ሌላ ሆኖ ሳለ ክር ምን ያደርግላታል አልኳት።

«ሞተር ማን ያያል?» አለችኝ። «ወላሂ እትዬ፣ ልጄ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አውጥቶታል።»

ሰፋሁላት። ስም መስፋት ሥራዬ ነው። ለእግር ኳስ ደጋፊዎችም የተጫዋች ስም ሰፍቻለሁ፤ ሜዳ ግቡ ያላቸው የለም። በቀዩ ልብስ ላይ በነጭ ክር፣ በመስኮት በኩል እንዲነበብ አድርጌ ሠራሁት። ረመዳን ደግሞ ግንባሯ ላይ የነበረውን የፋብሪካ ምልክት ነቀለው።

ከዚያ በኋላ ሚኒባሷ ዳገት ወጣች። በፊትም ትወጣ ነበር፤ አሁን ሰው ተቀምጦባት ወጣች። ሻንጣውም ወደ አልጋው ሥር ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን ለልቅሶ ወደ በደሳ ስሄድ ተሳፈርኩባት። አጠገቤ የተቀመጠው አቶ ታደለ የሚባል የመሰላ ወረዳ ሰው ነበር፤ ወፍጮ ቤት አለው። ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩን እንዳዳምጥ በክርኑ ነካ አደረገኝ። «ይሰማዎታል እማማ? ድምፅ የለውም። ቻይና ብትሆን ኖሮ እስካሁን ጆሯችን አልቆ ነበር» አለኝ። እውነትህን ነው፣ ድምፅ የለውም አልኩት። በደሳ ስንወርድ የበሩን ብረት መታ መታ አድርጎ ረመዳንን ትሸጣታለህ ወይ አለው።

ረመዳን መሸጥ ፈለገ። በገንዘቡ እውነተኛውን ስም ሊገዛ ነው። ዘይነባ አልፈለገችም። መኪናዋ በሁለቱም ስም ስለነበረች ያለ እሷ አይሆንም፤ በሽምግልና እንድቀመጥላት እኔን ጠራችኝ። ቤቷ ስደርስ አቶ ታደለ፣ ሽፈራው የሚባል ደላላና አንድ መካኒክ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል።

ዘይነባ ነገሩን ለማፍረስ አንድ መንገድ ብቻ ነበራት፤ እውነቱን መናገር።

«አቶ ታደለ፣ መኪናዋ የቻይና ናት። ስሙን እኔ ነኝ ያሰፋሁት። ሰፊዋም እኚህ ናቸው።»

አቶ ታደለ ሳቀ። ሽፈራውም ደላላ ነውና አብሮት ሳቀ። እውነቷን ነው፣ በእጄ ነው የሰፋሁት አልኩ።

«እማማ፣ መሸጥ ካልፈለጋችሁ አንሸጥም በሉ» አለኝ አቶ ታደለ። «ይቺን የመሰለች መኪና ማማት ግን ነውር ነው።»

ወደ ደጅ ወጣንና መካኒኩ ሞተሩን ከፈተ። ብረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጨርቅ ጠርጎ ጎንበስ ብሎ አየና የጃፓን ፊደል ነው ብሎ መሰከረ። ታነበዋለህ ወይ አልኩት። ማንበብ አያስፈልግም፣ በልምድ ይለያል አለኝ። ሊብሬው ቻይና ይላል ስንለው አቶ ታደለ ሊብሬ የሚጽፈውም ሰው ነው፣ ይሳሳታል አለ። ዘይነባ ባማችው ቁጥር መኪናዋ ዓይኑ ላይ እየከበረች ሄደች። በመጨረሻ ሳይጠየቅ ዋጋ ጨመረ።

ዘይነባ ወደ ልጇ ዞረች። «ሥራ እየሠራችልህ ነው» አለችው።

«የምትሠራው ስም ስለተሰፋላት ነው» አላት። «እኔ የእውነቷን ነው የምፈልገው።»

ፈረመች።

ረመዳን የገዛት የእውነቷ የጃፓን ሚኒባስ ከእሱ በዕድሜ ትበልጥ ነበር። ልብስ እንድሰፋላት አመጣት። ወንበሯን ሳነሣ የግቢዬ ጠጠር በወለሏ ቀዳዳ በኩል ታየኝ። ጠርቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና «ይህን ሁሉ ዘመን የቻለ ብረት፣ እትዬ» አለኝ፤ ማድነቁ ነበር። ሰፋሁለት። ስም አልጨመርኩም፤ የራሷ ነበራት።

በመናኸሪያ ሰው ተሻምቶ ተሳፈረባት። መጀመሪያ ማርሽዋ ሄደ፣ ቀጥሎ ሞተሯ። ክረምቱን ጋራዥ ከረመች። መለዋወጫዋ በስሟ ልክ ነበር ዋጋው። ከክረምቱ በኋላ ረመዳን በብረት ዋጋ ሸጣት፤ ገንዘቡም ለጋራዡ ዕዳ ሆነ። ሻንጣው እንደገና ወጣ።

አቶ ታደለ ደግሞ ሹፌር ፈለገ። መኪናዋን የሚያውቃት ሰው ይሻላል ብሎ ረመዳንን ቀጠረው። አሁን ረመዳን በቀን ሒሳብ የእናቱን ሚኒባስ በደሳ ያመላልሳል። አቶ ታደለ ከፊት እየተቀመጠ ለተሳፋሪው ያስረዳል፤ ጃፓን ብረት ያውቃል፣ ይቺ እስካሁን መፍቻ አልነካትም። ረመዳን ይሰማል፣ መንገዱን እያየ ይነዳል።

ዘይነባን ጫት ተራ አገኘኋትና ስለ ልጇና ስለ ሳዑዲው መንገድ ጠየቅኋት።

«ቀርቷል» አለችኝ። ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

እኔ አሁን ሥራ አቁሜያለሁ፤ ዓይኔ ክር በመርፌ አያሰካኝም። መኪና ልትገዙ ስትሉ ሰው ሙሉባትና ዳገት ውጡባት። ስሟን የምትጠይቁ ከሆነ፣ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ጠይቁ።