እምቢ ባዩ አባት

ማንበብ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ከፊደል ገበታው ቀጥሎ በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር አንድ አባት ልጁን አልድርም ሲል የሚናገረው ንግግር ነበር። ዳዊት ቢሆን ደስ ባለኝ። መምህራችን ግን የፍቅር ፊልም ወዳጅ ነበረች።

እንጅባራን በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አሁንም ኮሶበር ነው የሚላት። እዚያ የጎልማሶች ትምህርት ቅዳሜ ከሰዓት ይሰጠን ነበር። ተማሪዎቹ እኔ ድንች አምራቹ፣ አንድ ዘበኛ፣ አንዲት ጠላ ሻጭና ከአዲስ ቅዳም ከተማ የሚመላለሱ ከሰል ነጋዴዎች ነን። አንድ ቅዳሜ መምህሯ ፕሮጀክተር ተውሳ መጣችና መስኮቱን በአቡጀዲ ሸፍና የድሮ የውጭ አገር ፊልም አሳየችን። ጥቁርና ነጭ ነው። ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ ይሮጣል። እኛ አንዱን ቃል ፊደል በፊደል ለቅመን ስንጨርስ ሰዎቹ ተጣልተው፣ ታርቀው፣ ተላቅሰው ሌላ ጣጣ ውስጥ ገብተዋል።

ታሪኩ ይህ ነው። አንድ ሀብታም አንዲት ልጅ አለችው። ደሃ ጸሐፊ ይወዳታል። ጸሐፊው ይለምናል፣ አባት እምቢ ይላል፣ ጸሐፊው ባቡር ተሳፍሮ ሄደ ይባላል፣ ልጅቷ መስኮት ሥር ቆማ ታረጃለች። በቃ። ይህን ለመናገር ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው፣ ያውም ከአንድ ሳሎን ሳይወጡ። በዚያ ቤት እሳት የሚያነድ የለም፣ ከብት የሚያስገባ የለም፣ ወደ ጓሮ ብቅ የሚል የለም። ደግሞ የአንድ ሰው ስም በተነሳ ቁጥር በር ይንኳኳና ያው ሰውዬ ይገባል። እኔ ላሜ ታማ የእንስሳት ሐኪሙን ስም ስጠራ ከርሜ ደጄን ያንኳኳ የለም።

መምህሯን ጠየቅኋት።

«መጀመሪያ የመድረክ ተውኔት ነበር፤ በኋላ ነው ፊልም የተደረገው። ለዚህ ነው አንድ ቦታ ላይ የሚያልቀው» አለችኝ።

«እና ካሜራ ካገኙ በኋላ እንኳ ደጅ መውጣት አቃታቸው?»

«ተዋቸው እቴ፣ እንደኛ አገር ብርድ ይሆናል» አለች ጠላ ሻጯ።

መምህሯ አልሳቀችም። ለምረቃችን ቀን ፊልሙን መልሳ ተውኔት ልታደርገው ቆርጣለች። ከመድረክ ወርዶ ፊልም የሆነን ነገር እንደገና መድረክ ላይ መስቀል ለእኔ ዱቄቱን መልሶ እህል ለማድረግ እንደመልፋት ነው፤ ግን ማን ጠይቆኝ። የአባትየውን ቦታ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ለምን እኔ?»

«እርስዎ ልምምድ አያስፈልግዎትም ብለው ሰዎች ነግረውኝ ነው።»

ማን እንዳላት አላጣሁትም። ያን ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው የእኔን እምቢታ ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው አንዲቱ ልጄ ብቻ ናት። አንድ የጫግኒ ልጅ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከባት። ሁለቱንም ጊዜ መለስኩ። የሰጠሁት ምክንያት «ባጃጅ እግሩ ሦስት ነው፣ በሦስት እግር ትዳር አይቆምም» የሚል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። እሷ ከወጣች ከግድግዳ ጋር ልቀር ነው። ይህን ደግሞ ለሽማግሌ አይናገሩትም።

የሽማግሌዎቹ መሪ የሚስቴ አጎት ነበሩ። ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ «ጉልቻም ሦስት ነው» አሉኝና ወጡ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላምታቸው ከአገጫቸው አያልፍም።

ንግግሬን ያስጠናችኝ ልጄ ናት። እሷ የጸሐፊውን ልመና ታነባለች፣ እኔ እምቢ እላለሁ።

«አባየ፣ እዚህ ጋ ቆም በል። ነጠላ ሰረዝ አለ።»

«ለእምቢታ ምን ነጠላ ሰረዝ ያስፈልገዋል?»

«ትንፋሽ ውሰድበት ነው። ያንተ እምቢታ ትንፋሽ የለውም።»

ልመናው ላይ ስትደርስ አንዳንዴ ድምጿ ይሰበር ነበር። በማስጠናት የደከመች መስሎኝ አለፍኩት።

የምረቃው ቀን የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ውጭ ፈረስ ታስሯል፣ ባጃጅ ቆሟል። ጸሐፊውን ዘበኛው ሆነ፤ የተውኔቷን ልጄን ደግሞ ጠላ ሻጯ ሆነች፣ ከእኔ በዕድሜ ትበልጥ እንደሁ እንጂ አታንስም። ሲያስፈልግ ፍቅር ዕድሜ አይጠይቅም አለች መምህሯ። ዘበኛው ያዋሱትን ኮት ለብሶ እግሬ ሥር ተንበረከከና ለመነኝ። «እምቢ» አልኩ። እንደገና ለመነኝ። «እምቢ አልኩህ፣ ከቤቴ ውጣ።» ይቺን ሁለተኛይቱን ጥሩ አድርጌ ነው ያልኳት።

አዳራሹ አጉረመረመ፤ ግማሹ በአገውኛ፣ ግማሹ በአማርኛ። ከኋላ አንዲት ሴት «ይህ ልጅ ወገን የለውም? እንዴት ብቻውን ይልኩታል?» አለች። እውነቷን ነው። በእኛ ዘንድ ብቻውን ሄዶ ልጅ የሚለምን ሰው ወይ ታሟል ወይ ዘመዶቹ ጠልተውታል። ፊልሙን ስናይ ሁላችንንም የከነከነን ይኸው ነበር። ያ ሁሉ ለቅሶ፣ ያ ሁሉ ባቡር፣ ሦስት ሽማግሌ ጠፍቶ ነው።

ከፊት ወንበር የሚስቴ አጎት ተነሱ። አንድ ቄስና አንድ ጎረቤቴ ተከተሏቸው። መድረኩ ላይ ወጡና ፊት ለፊቴ ተደርድረው ቆሙ። እኛ አገር ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ ተቀመጡ ቢሉት አይቀመጥም። ተቀመጠ ማለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው።

መምህሯ ከመጋረጃው ጀርባ «አባቶቼ፣ ተውኔት እኮ ነው» አለች።

«እናውቃለን ልጄ። ተውኔት ቢሆንስ ሰው ሜዳ ላይ ይጣላል?» አሉ አጎትየውና ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ጎልማሳ ጥፋቱ ምንድን ነው? ድህነቱ ነው? አንተስ ምን አለህና?»

ዘበኛው ተነስቶ ከኋላቸው ተሸጎጠ። ሽማግሌ በማግኘቱ ፊቱ ወዝ አወጣ።

እኔ የቀረኝ ሦስተኛው እምቢታ ነው፣ ረጅሙ፣ ነጠላ ሰረዝ የበዛበት። አፌን ስከፍት አጎትየው ቀደሙኝ።

«መቼም አንዴ ከተነሳን አይቀር፣ የዚያን የባጃጁን ልጅ ነገርም አብረን እንጨርሰው። ሦስተኛ መምጣታችን ነው።»

የእውነቷን ልጄን በዓይኔ ፈለግኋት። ከጎን ተቀምጣ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። እኔን አላየችም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። በዚያ መስኮት የሚታይ ነገር የፈረስ ጭራ ብቻ ነው።

«እምቢ ይበሉ» አለች መምህሯ በሹክሹክታ። «እምቢ ካላሉ መጨረሻ የለንም።»

አጎትየው ዱላቸውን በሁለት እጅ ይዘዋል። እምቢ ብል እዚያው ቆመው እንደሚውሉ አውቃለሁ፤ እልኸኛ ናቸው። እኔም እልኸኛ ነኝ። ልጄ ግን ከመስኮቱ አልዞረችም።

«ጉልቻም ሦስት ነው ነበር ያሉኝ?» አልኳቸው።

«ብያለሁ።»

«እሺ። ተቀመጡ።»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ጠላ ሻጯ የመስኮቱን ንግግር ክረምቱን ሙሉ ስትሸመድድ ነው የከረመችው፤ «የእኔስ ንግግር?» እያለች ብትጠይቅ የሚሰማት አልተገኘም። መምህሯ የምስክር ወረቀቴን ስትሰጠኝ ቀና ብላ አላየችኝም። «የዓለም ሰው ያለቀሰበትን መጨረሻ አበላሹት» አለችኝ። የዓለም ሰው ለቅሶ ከወደደ እዚያው ያልቅስ።

ልጄን ከፋሲካ በኋላ ዳርኳት። ጫግኒ ነው የምትኖረው። ቆላ ነው፣ ስሄድ ላብ ያሰምጠኛል። አማቼ ደህና ሰው ነው፤ ይህን ለእሱ አልነግረውም። ያንን ፊልም ስልኬ ላይ የጫነልኝ እሱ ነው፣ ንባብ እንዳልረሳ ብሎ። አሁን ጽሑፉ አያመልጠኝም። ቤቴ ውስጥ የሚያወራው ፊልሙ ብቻ ስለሆነ እከፍተዋለሁ። ልጅቷ እዚያው መስኮት ሥር ናት፤ አባትየው ልጁን አስቀርቶ ጀርባዋን ያያል።

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ እያየሁት ደወለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«አባየ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ያንን ከንቱ ፊልም አያለሁ።»

«የት ደረሰ?»

«ሦስተኛውን እምቢታ ሊል ነው።»

«በቃ እሱን ዝጋውና አውራኝ» አለች።

ዘጋሁት።