የእንቁራሪቶቹ የዘር ሐረግ

ባልደረቦቿ «እንቁራሪቷ» ይሏታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ረግረግ ለረግረግ ዞራ እንቁራሪት ሰብስባ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዘረመላቸውን የለየችው እሷ ናት። አለቃዋ ፕሮፌሰር ግን ከዚያ ሁሉ ልፋት ያሳተመው የዘር ሐረጋቸውን ሥዕል ብቻ ነው፤ መረጃውን ለማንም አልሰጥም አለ።

አንዲት የኮሌጅ መምህርት፣ ራሷ ያገኘችው እንቁራሪት የቱ ጋ እንደሚገባ ለማወቅ የሐረጉን ቅርንጫፎች ከወረቀት ላይ በማስመሪያ እየለካች መሆኗን ጽፋ የመረጃውን ፋይል ለመነችው።

«ሥዕሉ መች አነሳት!» አለ ፕሮፌሰሩ።

የኛዋ እንቁራሪት ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ፋይሉን ማንም ሰው በነፃ በሚያወርድበት ድረ ገጽ ላይ ጫነችው።

«ማን ፈቀደልሽ?» ብሎ ፕሮፌሰሩ ጮኸባት።

«ጋሼ፣ እኔ እስከ ወገቤ ጭቃ ውስጥ ስቆም እርስዎ የት ነበሩ?»

ወደ ዕቃ ክፍል አዛወራት። መምህርቷ በሳምንቱ፣ በፋይሉ ተጠቅማ ያቺን ያገኘቻትን እንቁራሪት ሐረጉ ላይ አስገብታ ላከችላት። የኛዋ እንቁራሪት ግን የፕሮፌሰሩ ስም በተነሳ ቁጥር ዛሬም ጥርሷን ታፋጫለች።