ለሽማግሌ የተጣደ ማረሻ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ቢቸና ነበርን። የእኛ መሬት ከእህል ይልቅ ድንጋይ ያበቅላል። ባለቤቴ ከገበያ የሚገዛው ማረሻ አንድ ክረምት ሳይዘልቅ ጫፉ እንደ አውራ ጣት ይዶለዱማል። እሱ ደግሞ በወጣትነቱ መንገድ ሥራ ካምፕ፣ ጋራዥ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ነበር። ብረት በከሰልና በተቃጠለ ሰኮና ተቀብሮ እሳት ውስጥ ከዋለ ቆዳው ይጠነክራል፣ ቶሎ አያልቅም የሚል ነገር ከዚያ ይዞ መጥቷል። ብረት ደግሞ ቆዳ አለው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ የሌለው ምን አለ አለኝና ቀንድና ሰኮና ሲለቅም ከረመ።

እኔ ፈሪ ነኝ። ከፊደል አላለፍኩም፤ የሰው አፍ ግን አውቃለሁ። ብረት እሳት የሚያገባ ቀጥቃጭ ይባላል፣ ቀጥቃጭ የተባለ ቡዳ ይባላል፣ የቡዳ ልጅ ደግሞ የሚያገባት የለም። ያን ሰሞን ልጃችንን ሊጠይቁ ከሞጣ ሽማግሌ ይመጣል ተብሏል። መጥተው እስኪሄዱ ታገሥ ብዬ ለመንኩት። የሚመጡት ሐሙስ ነው፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው አለ። ማረሻውን በትልቁ ድስቴ ቀበረው፤ ክዳኑን በጭቃ መርጎ ማድ ቤት ፍም ውስጥ ከተተው።

ሽማግሌዎቹ ማክሰኞ መጡ።

ሁለት ናቸው፤ ትልቁ የሚያገባት ልጅ አጎት። ሳሎን አስቀመጥናቸው። ከግርግዳው ወዲያ፣ እሳቱ እንዳይበርድ ልጄ ወናፍ ትነፋለች። ሰኮና ሲቃጠል እንዴት እንደሚሸት መቼም የታወቀ ነው። አጎትየው ጨዋ ናቸውና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈን አድርገው፣ ወጡ በደንብ እየበሰለ ነው መሰል አሉ። ምን ልበል፤ አዎ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ድስቱ የእነሱ ምሳ ሆነ። ይህ የሚተነፍሰውስ ምንድን ነው ሲሉ፣ ላማችን ናት፣ ብርድ መትቷት ነው አልኩ። ሁለተኛው ሽማግሌ ለላሟ መድኃኒት ነገሩኝ።

ዘር ተቆጠረ። አጎትየው እስከ ሰባት ቤት መዶሻ ያነሳ የለንም አሉ። ባለቤቴም እኛም እንዲሁ ነን አለ፤ እጁ እስከ ክርኑ ከሰል ነው። ልጅቱን እንያት ሲሉ እሱ ወጥቶ ወናፉን ተቀበላትና እሷ ገባች፤ ፊቷ ጥላሸት፣ ላቧ ጠብ ጠብ ይላል። ሥራ ወዳድ ናት ብለው ተደሰቱ። ላሟ ግን ባሰባት።

ድስቱ የፈነዳው ያኔ ነው። ሁላችንም ተንጋግተን ማድ ቤት ደረስን። ማረሻው ከስብርባሪው መሃል ፍም መስሎ ተጋድሟል። ባለቤቴ ማረሻውን አየ፣ ልጃችንን አየ። ብረቱ ሳይነከር ከበረደ የዋለበት ሁሉ ከንቱ ነው። በጉጠት አንሥቶ ቅርብ ባገኘው ጋን ነከረው። ጋኑ ለእንግዶቹ የጠመቅሁት ጠላ ነበር። ቸስ ብሎ እንፋሎቱ ጣሪያ ነካ። ልጄ ቆማ ቀረች አልኩ በልቤ።

አጎትየው ጎንበስ ብለው የማረሻውን ጫፍ አዩት።

«ጠላ መሆኑ ደግ ሆነ» አሉ። «ውኃ ቢሆን ይሰነጥቀው ነበር።»

ጓደኛቸው በክርናቸው ጎሰሟቸው፤ ግን ቃሉ ወጥቷል።

«አባቴ» አልኳቸው፣ «ይህን ከየት አወቁት?»

ጣሪያውን አዩ፣ በሩን አዩ። የኔን ፍርሃት ከኔ ላይ አንሥተው የለበሱት መሰሉ።

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው፣ እሜቴ። በይ እንግዲህ፣ ወጡ ከደረሰ አቅርቢልን።»

አቀረብኩ። በጥድፊያ ያማሰልኳት ሽሮ ናት። ከጧት ጀምሮ የበሰለ ወጥ ያስታውቃል እያሉ በሉ። ጠላው ብረት ብረት ይላል፤ እሱንም አመስግነው ጠጡ። ቃል ተሰጣጥተን፣ በቅሏቸውን ጭነው ሄዱ።

ልጄ ከሠርጉ በኋላ መጀመሪያ ልትጠይቀን ስትመጣ፣ ማረሻው ገና አልዶለዶመም ነበር። ሞጣ ደህና ነው ወይ አልኳት። ሁሉ ደህና ነው፣ ከጓሮ ግን የሚተነፍስ ነገር አለ፤ አማቴን ብጠይቃቸው ነፋስ ነው አሉኝ አለች።

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«እኔስ ላም መስሎኝ ነበር፣ አልኳቸው።»