የጠዋት ሁለት ስንኝ

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ አስፋልቱ ዳር አንድ ፈረስ ከባጃጆቹ መሃል ታስሮ ቆሞ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦበት ጠጉሩ ርሷል፤ ከጀርባው እንፋሎት ይወጣል። የረጠበ ፈረስና የቆዳ ኮርቻ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ የምሄድበትን ረሳሁ። ባለባጃጁ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ» እስኪለኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አንቺ ልጄ፣ ባለፈው ልትጠይቂኝ መጥተሽ በዚህ ዕድሜዬ በየቀኑ እንዴት እንደምጽፍ ጠይቀሽኝ ነበር። ልማድ ነው ብዬ አለፍኩሽ። ልማዱ ከየት እንደመጣ ግን አልነገርኩሽም።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከዘንገና ወጥቼ እንጅባራ አክስቴ ቤት ተቀመጥኩ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን በአካባቢው ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርደው እሷ ነበረች። በአገውኛ ትቆጣኛለች፣ በአማርኛ ትገጥማለች። እኔም በዚያ ጊዜ ግጥም እጽፍ ነበር። ስለ አገርና ስለ ፍቅር የጻፍኩትን ለአማርኛ አስተማሪያችን ሰጠሁት፤ ቃላቱ ትልልቅ ናቸው፣ አንቺ ግን የለሽበትም ብሎ መለሰልኝ። ማታውን አክስቴን አስተምሪኝ አልኳት።

«የሚማሩት አይደለም» አለችኝ፤ «የሚነሱበት ነው።»

አሠራሯ እንዲህ ነበር። ጎህ ሲቀድ፣ ከማንም ጋር ከመነጋገሯ በፊት፣ የቀርከሃ አጥሩ በር ላይ ትቆምና ያን ጠዋት ዐይኗ ስላረፈበት ነገር ሁለት ስንኝ ትላለች። ስለ ጭጋጉ፣ ከአጥሩ ስለወለቀ ቀርከሃ፣ የሰው ድንች ማሳ ስለገባች ዶሮ። እሷ ትጀምራለች፣ እኔ እከተላለሁ። በሕይወት ስላለ ሰው ግን አይገጠምም፤ ሟርት ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ዝናቡን የሰማይ እንባ አልኩት። ሳቀችብኝ። «ሰማይ ሲያለቅስ አይተሻል? ሌሊቱን ያፈሰሰው የማን ጣሪያ ነው? እሱን በይ።» ሐዘን የሚለውን ቃል ሳስገባም አትወድም። ሐዘኑን ለቀስተኛው ከቤቱ ይዞት ይመጣል፣ የእኛ ሥራ ሟቹ ሳይጨርስ የተወውን አጥር ማሳየት ነው ትል ነበር። ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ሁለተኛውን ስንኝ አስቀድሜ እንድፈልግ ማዘዟ ነው። የምታርፊበትን ሳታውቂ መንገድ አትጀምሪ ትለኛለች። እኔ ከፊት ጀምሬ ቤት እንዲመታልኝ ስፍጨረጨር፣ እሷ መጨረሻውን ይዛ ወደ ኋላ ትመጣለች።

ብዙ ጠዋት አልሆነልኝም። ብርዱ ጥርሴን ያንገጫግጨዋል። ተኝቼ ለመቅረት ስሞክር ብርድ ልብሱን ትገፍና ትወጣለች፤ አትለምነኝም፣ አትቆጣኝምም። እያደር ራሴ መንቃት ጀመርኩ፤ የሰመረልኝንም ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እጽፈው ነበር።

ፊት ለፊታችን አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ይኖሩ ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደጃቸው ላይ ካለ ድንጋይ ወጥተው ነው ፈረሳቸው ላይ የሚቀመጡት። ፈረሱም ለምዶት ራሱ ሄዶ ጎኑን ያስጠጋላቸዋል። በየጠዋቱ በበራችን ሲያልፉ ከአክስቴ ጋር ሳይተራረቡ አይሄዱም።

«ለእኔ ያስቀመጥሽው ሙሾ አለ?»

«አንተ መጀመሪያ ሙት፤ ከዚያ እናስብበታለን።»

«እንግዲያው ብዙ ልትጠብቂ ነው።»

ቀልዱ ውስጥ ግን እውነት ነበረበት። የምታለቅስላቸው ሴት ልጅ አልነበረቻቸውም። ሙሾ ሳይወርድለት የተቀበረ ፈረሰኛ ደግሞ ሰው የሌለው ይባላል። አንድ ቀን ከኮርቻቸው ሳይወርዱ፣ ሳይስቁም፣ ሲሞቱ ሙሾ ልታወርድላቸው ቃል አስገቧት። ቃሏን ሰጠቻቸው።

የሞቱት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አክስቴ በዚያው ሳምንት ሌላ ለቅሶ ላይ ውላ ጉሮሮዋ ተዘግቷል፤ ሹክሹክታ እንኳ በግድ ነበር የሚወጣት። ከዳንግላ ሌላ አስለቃሽ ትምጣ ተባለ፤ እስክትደርስ ቀብሩ ያልፋል። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጄን ይዛ፣ ከሟቹ ደጅ ፊት ወዳለው ሜዳ ሄደች። መሃል ስንደርስ እጄን ለቀቀችው።

«ቃሌን አድርሺልኝ» አለችኝ። ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት።

ያ ሜዳ አሁን ሕንጻ ቆሞበታል። ያን ጊዜ ግን ሰፊ ነበር፤ ፈረሰኞቹ ኮርቻ ላይ እንዳሉ ዙሪያውን ከበውታል። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ይቺ ተማሪ ምን ልትል ነው?» አለች። መጀመሪያ የመጡልኝ ትልልቆቹ ቃላት ነበሩ፤ ጀግና፣ አንበሳ፣ ዋርካ። ከንፈሬ ላይ ደርሰው ቀሩ። አንዳቸውም እሳቸውን አይመስሉም።

በዚህ መሃል የሟቹን ፈረስ እንደ ደንቡ ሸልመው፣ ኮርቻውን ባዶ አድርገው፣ ከግቢ አወጡት። ወደ ሜዳው ሊስቡት ሲሉ ተጠማዘዘና ድንጋዩ ዘንድ ሄዶ ጎኑን አስጠግቶ ቆመ። ቢጎትቱት እምቢ አለ። የኋለኛው ስንኝ ያኔ መጣልኝ፤ የፊተኛውን ተመልሼ አመጣሁት።

ከድንጋዩ ቆሟል ጎኑን አስጠጋግቶ፣
ማን ደፍሮ ይንገረው ጌታው ቀረ ተኝቶ።

ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ሜዳው በሙሉ በለቅሶ ተነሣ። ከፈረሰኞቹ አንዱ ወረደ፣ ሌላውም ወረደ፤ በመጨረሻ ኮርቻ ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። ያቺ ተማሪ ያለችኝ ሴት ደረቷን እየመታች ስንኙን ተቀበለችኝ። ሌላ ጨመርኩ፤ ከዚያም ሌላ። የሚመጣበትን መንገድ ስለማውቀው አልፈራሁም። በዚያ ሁሉ ብርድ አጥሩ በር ላይ የቆምኩት ለካ ለዚህ ኖሯል። ሽማግሌው እንደ ወጉ ተለቅሶላቸው ተቀበሩ።

ትምህርት ቤት ስመለስ ከጠዋቶቹ ስንኞች አንዱን ለአስተማሪያችን ሰጠሁት። አንብቦ፣ አሁን አለሽበት አለኝ። ከዚያ በኋላ ግጥሞቼ ታትመዋል፤ ሰውም አጨብጭቦልኛል። እንደዚያ ቀን ቀጥ ብዬ የቆምኩበትን ቀን ግን አላስታውስም።

ከቀብር ተመልሰን አክስቴ እግሯን ስትታጠብ፣ ሁለተኛው ስንኝ ቀድሞ እንደመጣልኝ በሹክሹክታ ነገረችኝ። አልጠየቀችኝም፤ ነገረችኝ። አዎ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ምስጋናዋ ያ ነበር።

በማግስቱ ትተወኛለች ብዬ ነበር። ብርድ ልብሱ እንደ ወትሮው ተገፈፈ። በሩ ላይ ቆሜ እስክትጀምር ጠበቅኩ። አልጀመረችም። በአገጯ ወደ ጭጋጉ አመለከተችኝ፤ ቅደሚ ማለቷ ነው። ድምፅዋ በኋላ ለወሬ ያህል ተመለሰ፤ ለሙሾ ግን አልበቃም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ እላለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ካልሰመረ እጇን ታወዛውዝና እንደገና ታስጀምረኛለች፤ ከሰመረ ዝም ብላ ወደ ቤት ትገባለች።

ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጽፌ ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። ከዚያ አክስቴ ዛሬም በሩ ላይ ቆማ እንደምትሰማኝ ሁሉ ጥቂት እጠብቃለሁ። ቤቱ ዝም ሲል፣ ሰምሯል ማለት ነው ብዬ እነሣለሁ።